ከመዝገብ ቤትና ከፋብሪካ ወጥቶ ኮምፒዩተር ስለ ማስተማር

በአቃቂ ቃሊቲ፥ ሥራቸውን ለውጠው መምህራን ሊሆኑ ላሰቡ ሰዎች የተነገረ



ዛሬ ልነግራችሁ የወደድሁት፥ በሌላ ሥራ የኖረ ሰው ኮምፒዩተር ለማስተማር ይችላልን፥ ቢችልስ ምን ይዞ ሊሄድ ይገባዋል ስለሚለው ነገር ነው።

ሥራ መለወጥ ለአቃቂ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ በዚህ አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ ፋብሪካውም በየጊዜው ከተተከለ በኋላ፥ ሞፈርና ዕርፍ ይዞ ያደገ ሰው የመኪና ሠራተኛ ሆኖ ልጆቹን አሳድጓል። በትምህርትም ሥራ አብነት አለን። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሙያቸው ሕክምና ሲሆን፥ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት አስተዳድረዋል።

ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና፥ በስልክ ላይ ጣቱ የፈጠነ ሰው ሁሉ መምህር አይሆንም። አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን ራሱን፥ ቀጥሎም የማስተማርን ጥበብ ሊማር ያስፈልገዋል። በሌላ ዕውቀት በዲግሪ የተመረቁ ሰዎች የማስተማርን ሙያ ተምረው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ በ2003 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ብዙዎችም በዚሁ በር ገብተዋል።

ኮምፒዩተር የታዘዘውን በተራ የሚፈጽም አገልጋይ እንጂ በራሱ ጠቢብ አይደለም። ስለዚህ ሕፃኑ አስቀድሞ የሚማረው ትእዛዝን በተራ መስጠትን ነው። ይህንም አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. አበቅቴና መጥቅዕ ሲፈለግ፥ በዓመቱ ላይ 5500 ተጨምሮ 7518 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132፥ በ30 ሲገደፍ 12 አበቅቴ ይቀራል፤ በ19 ሲባዛ 228፥ በ30 ሲገደፍ 18 መጥቅዕ ይቀራል። ሁለቱ ተደምረው 30 ስለሚሆኑ የሒሳቡ ትክክለኛነት ይታወቃል። አንዲት መስመር ብትዘለል ግን ሁሉም ይፈርሳል። ፕሮግራም የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያስተማረ መምህር፥ መብራት በሌለበት መንደር እንኳ ትምህርቱን ጀምሯል።

የመዝገብ ቤት ሰውም የሚያካፍለው አለው። በፊደል ተራ ከተደረደሩ 64 መዝገቦች አንዱን ሲፈልግ፥ መካከለኛውን ተመልክቶ የማያስፈልገውን እኩሌታ ይተዋል፤ የቀረውንም እንዲሁ ሲያደርግ፥ በስድስት ጊዜ መክፈል አንዱ ብቻ ይቀርለታል። ኮምፒዩተርም በተራ ከተቀመጠ ብዙ ስም መካከል አንዱን የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ፊደሎቻችንም በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዳቸው ቍጥር አላቸው፤ ሀ 4608፥ ሁ 4609፥ ሂ 4610 ነው። ሕፃናት ስማቸውን በቍጥር ጽፈው ቢለዋወጡ፥ ማሽኑ ጽሕፈትን እንዴት እንደሚይዝ ያስተውላሉ። የፋብሪካ ሠራተኛም የተበላሸ መኪና ሲያገኝ፥ ከጫፍ ዠምሮ አንድ አንዱን እየመረመረ ጉድለቱን የማግኘት ልማድ አለው፤ የተሳሳተ ፕሮግራምም የሚታረመው በዚሁ ትዕግሥት ነው።

አሁን ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር። የመምህር ደመወዝ ዛሬ ከምታገኙት ሊያንስ ይችላል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ግን አይቀንስም። ስለዚህ ማንም ከባለቤቱ ሳይመክርና ወጪውን ሳይቈጥር አይነሣ። ደግሞም ባርባ ዓመቱ ከወጣቶች ጋራ ተቀምጦ መማር፥ በኋላም ተማሪው ከእርሱ ቀድሞ ሲያውቅ «ልጄ፥ አሳየኝ» ማለት ያስፈልገዋልና፥ ይህን የማይታገሥ ሰው በሥራው ቢቈይ ይሻለዋል።

ነገር ግን ይህን አስቡ። ለትምህርት ቤት ኮምፒዩተር በገንዘብ ይገዛል፤ የሚያስተምርበት ሰው ከሌለ ግን ጨርቅ ለብሶ በተቈለፈ ክፍል አቧራ ይጠጣል። የከተማው ልጅ በቤቱ ሊማረው ይችላል፤ የመንደሩ ልጅ ግን ከመምህሩ በቀር ሌላ በር የለውም። ያ በር ቢዘጋበት፥ ነገ ሥራ ሲፈልግ ከከተማው ልጅ በኋላ ይቆማል፤ ይህም በአእምሮው ማነስ ሳይሆን በእኛ መቅረት ነው።

እንግዲህ ችሎታውና ፈቃዱ ያላችሁ፥ አስቀድማችሁ ተማሩ፤ ከዚያም ሂዱና አስተምሩ። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።