በዳናክል ባሕር ያኖርናቸው ሰዎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በንባብና በድርሰት ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር)



ለዚህ በዓል እያንዳንዱ ክበብ አንድ ነገር እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ የስፖርቱ ክበብ ግጥሚያውን፣ የሙዚቃው ክበብ መዝሙሩን ያዘ። እኛ ግን ከብዙ ክርክር በኋላ የመረጥነው ነገር ሰሚውን ሁሉ ያሳቀ ነበር። ይኸውም በባሕር ውስጥ የሚኖር ሰው መሰል ሕዝብ በሐሳባችን ነድፈን፣ አገሩንና ኑሮውን ወስነን፣ ታሪኩን በድርሰት ለመጻፍ ነው። ከዐሥራ አራታችን መካከል ባሕር ያየ አንድም አልነበረም። የምናውቀው ውሃ የአቃቂ ወንዝ ነው፤ እርሱም ክረምት ሲገባ እናቶቻችን «አትጠጉት» የሚሉን፣ በበጋም «ቀትር ላይ አትውረዱ፣ ጋኔን አለበት» የሚሉን ወንዝ ነው።

ገና ስንጀምር አንድ መምህራችን ደብተራችንን ገልጠው «ሕዝብ ፈጠርን» የሚለውን ቃል ባዩ ጊዜ፣ «ልጆች፣ መፍጠር የእግዚአብሔር ነው፤ የእናንተ ሥራ መንደፍ ነው» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብተራችን «ነደፍን» እንጂ «ፈጠርን» የሚል ቃል የለም። ቃሉም ጠቀመን፤ የነደፉትን ነገር መሰረዝ አያሳፍርምና።

በመጀመሪያ የነደፍነው ሥዕል እንደ ማንኛውም ሰው ነበር። ከወገብዋ በላይ ቆንጆ ልጃገረድ፣ ከወገብዋ በታች ዓሣ፣ በእጅዋ ሚዶ። ሥዕሉ ያማረ ስለ ሆነ ለሁለት ሳምንት በግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ነገር ግን ስለ እርስዋ አንድ ገጽ ለመጻፍ ስንነሣ የምንጽፈው አጣን። ምን ትበላለች? እናትዋ ማን ናት? የሞተባትን ወዴት ትቀብራለች? ሥዕል ነበረች እንጂ ሕዝብ አልነበረችም። እንዲያውም ታሪኩን ስንመረምር ጅራቱ ራሱ በኋላ የመጣ ሆኖ አገኘነው። የጥንት ግሪኮች በዜማቸው መርከበኛ ያጠፋሉ ብለው የተረኩላቸው ሲሬኖች ከወገባቸው በታች ወፎች ነበሩ፤ የዓሣ ጅራት የሰጣቸው የኋላ ዘመን ሰው ነው። ኮሎምቦስም በ1493 እ.ኤ.አ. በባሕር ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ ሴቶች አየሁ፣ ነገር ግን እንደሚባሉት ቆንጆዎች አይደሉም ብሎ ጽፏል። ያየው ማናቲ የሚባለውን ሣር በል የባሕር እንስሳ ሳይሆን አይቀርም። የእርሱ ዘመድ የሆነው ዱጎንግ ዛሬም በቀይ ባሕር ይኖራል፤ ጡቷ ከፊት እጆቿ ሥር ስለ ሆነ ግልገሏን ስታጠባ ሰው መምሰሏን ለርቀትና ለናፍቆት እንተወዋለን።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ባሕራቸው የት ነው?» የሚል ነበር። አገራችን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕር ጠረፍ የላትም። አንዳንዶቻችን ሩቅ ውቅያኖስ እንምረጥ አልን። አንድ የወላጅ ተወካይ ደግሞ፣ «ለምን ሩቅ ትሄዳላችሁ? ዝቋላ ከዚህ ይታያል፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሐይቁ ውስጥ መቶ ዓመት ቆመው ጸልየዋል» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ የጻድቁን ገድል ግን ከጨዋታችን ጋር ልንቀላቅለው አልደፈርንም። በመጨረሻ መልሱ የተገኘው ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። የዳናክል ዝቅተኛ ምድር ዛሬ ከባሕር ወለል በታች እስከ 120 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ከአንድ መቶ ሺህ ዓመት በፊት ግን የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ነበር፤ ለዚህም ምስክሩ በበረሃው ዳር ደርቆ የቀረው የኮራል ድንጋይ ነው። በኋላ ባሕሩ ተቆረጠ፣ ፀሐይም ጠጣችው፣ ጨውም ቀረ። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የተጠረበው ከዚያ ጨው ነው። ይህን በሰማን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፣ «እንግዲያው ባሕር አላየንም አንበል፤ በወጥ ውስጥ በልተነዋል» አለ።

በዚያው ዘመን በዚያው አካባቢ ሰው ነበረ። በአፋር በሄርቶ የተገኘው የሰው ራስ ቅል 160,000 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው በ2003 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። በኤርትራም በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ፣ አብዱር በሚባል ስፍራ፣ 125,000 ዓመት በሆነው የኮራል ዐለት ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች ከኦይስተር ቅርፊት ጋር ተገኝተዋል። የእኛ ታሪክ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ በባሕሩ ዳር ቀንድ አውጣና ዓሣ ይለቅሙ ከነበሩት ቤተ ሰቦች አንዱ ወደ ውሃው ገባ፣ አልተመለሰምም ብለን ነደፍን።

እንዴት ይተነፍሳሉ? በዚህ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ደክመናል። ሁላችንም ያለ ክርክር የዓሣ ስንጥብ በአንገታቸው ላይ ሰጥተናቸው ነበር። የባዮሎጂ መምህራችን ግን «በመጀመሪያ አስሉት» አሉን። አሰላነውም። አንድ ሊትር አየር ከባሕር ወለል አጠገብ 210 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጂን ይይዛል፤ አንድ ሊትር ሞቃት የባሕር ውሃ ግን 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ በደቂቃ ሩብ ሊትር ያህል ኦክሲጂን ይፈልጋል። እንግዲህ ስንጥቡ ከውሃው ውስጥ አንዲት ጠብታ ኦክሲጂን ሳያስቀር ቢወስድ፣ በየደቂቃው 50 ሊትር ውሃ በአንገቱ ማለፍ አለበት፤ ይህ ሁለት ጄሪካን ተኩል ነው። በአንድ ቀን 3,600 ጄሪካን ይሆናል። ውሃ በጠፋ ሰሞን ሁለት ጄሪካን ተሸክመን ከቦኖ የምንመለስ ልጆች ይህን ቁጥር ስናይ ለባሕር ሰዎቻችን አዘንን። ይህም ሲቀመጡ ነው፤ ሲዋኙ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ስንጥቡን ሰርዘን ሳንባ ሰጠናቸው። እንደ ዶልፊንና እንደ ዓሣ ነባሪ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠልቃሉ፣ ለመተንፈስ ይወጣሉ። ይህ አንድ ስረዛ ታሪኩን ሁሉ ለወጠው። ሕፃን ሲወለድ አዋላጅዋ ፈጥና ወደ ላይ ታወጣዋለች፤ እንቅልፋቸው በተራ ነው፤ ጠላትም ሊገድላቸው ቢፈልግ ከላይ ሆኖ መጠበቅ ይበቃዋል። ስንጥብ ቢኖራቸው ኖሮ ከእኛ ጋር ምንም ጉዳይ አይኖራቸውም ነበር።

ሌላውን በአጭሩ እንናገር። የዓሣ ጅራት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ የሰው አከርካሪ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ፣ ጅራት ቢኖራቸው እንደ ዶልፊን ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች መምታት ነበረበት። በኋላ ጅራቱን ትተን ሰፋፊ እግሮች ሰጠናቸው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ ከቆዳቸው ሥር ስብ ጨመርንላቸው፤ ቀጭንዋ ልጃገረዳችን በዚህ ቀን ከግድግዳው ወረደች። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው አይጠጡትም፤ ውሃቸውን ከሚበሉት ዓሣ ያገኛሉ። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ከሩቅ ይሰማማሉ፤ ነገር ግን ከወዴት እንደ መጣ ለመለየት ይቸገራሉ፤ ስለዚህ ንግግራቸው ሁሉ «እኔ በምሥራቅ ያለሁት» ብሎ ይጀምራል። ቀይ ቀለም ጥቂት ሜትር ሲወርዱ ስለሚጠፋ ለደም የተለየ የቀለም ስም የላቸውም። እሳትም የላቸውም። እሳት ከሌለ ብረት የለም፣ ሸክላ የለም፣ የበሰለ ምግብ የለም፤ ቢላዋቸው ባልጩትና የተሳለ ቅርፊት ነው።

ይህ ሁሉ ተረት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ባጃው የሚባል ሕዝብ አለ። ከጥንት ጀምሮ በጀልባ ላይ ኖረው፣ በእንጨት መነጽር እየጠለቁ ዓሣ ያድናሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ጣፊያቸው በየብስ ከሚኖሩት ጎረቤቶቻቸው ጣፊያ በግማሽ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ጣፊያ ሲጨበጥ ኦክሲጂን የያዘ ደም ወደ ሰውነት ይልካልና። ሞከን የሚባሉትም የባሕር ሰዎች ልጆች የዓይናቸውን ብሌን አጥብበው በውሃ ውስጥ ከአውሮፓ ልጆች በእጥፍ አጥርተው ያያሉ። ይልቁንም የገረመን የአውሮፓ ልጆችም ቢለማመዱ ይህንኑ መቻላቸው ነው።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚያሳፍረንን እንናገራለን።

እሳት የላቸውም ካልን በኋላ፣ ጥሬ ይበላሉ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተን የየብስ ሰዎች እንዴት እንደሚንቋቸው ስንጽፍ ብዕራችን ያለ ችግር ሮጠ። ሽታቸውን ጻፍን፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ መሶብ የሚቀርብ እንደሌለ ጻፍን፤ የስድብ ስም አወጣንላቸው፤ እየተሳሳቅን ሁለት ገጽ ሞላን። ጥሬ ሥጋ በዓል የሚያደምቅባት አገር ልጆች ጥሬ ዓሣ በላ ብለን መሳደባችንን እንኳ ያስተዋለ አልነበረም። ከጣና አካባቢ መጥቶ ከእኛ ጋር የሚማር አንድ ጓደኛችን ግን በሁለት ስብሰባ አንድ ቃል አልተናገረም። በሦስተኛው፣ «እናንተ የጻፋችሁትን እኔ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፤ አዲስ ነገር አይደለም» አለን።

የነገረንም ስለ ነገደ ወይጦ ነው። በጣና ዳር የኖሩ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ቀድሞም ጉማሬ የሚያድኑ ሰዎች ናቸው። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት አብሯቸው ለመብላት ይጸየፍ ነበር። የቀድሞ ቋንቋቸውም ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። የጣናን ውሃ እንደ እነርሱ የሚያውቅ አልነበረም፤ የገዳማቱ እህልና እንጨት የሚሻገረው በደንገል ታንኳ ነበርና። ጓደኛችን ይህን ሲናገር ድምፁን አላነሣም። ከእነርሱ ወገን ይሁን አይሁን አልጠየቅነውም፤ እርሱም አልነገረንም።

ሁለቱን ገጾች ቀደድን ብንላችሁ ቀላል ነበር። አልቀደድናቸውም፤ ጓደኛችን እንዳይቀደዱ ለመነ። ይልቁንም ያንኑ ገበያ፣ ያንኑ ቀን፣ ከባሕር ሰዎች ዓይን እንደገና ጻፍነው። በእነርሱ ቋንቋ እኛ «ደረቆቹ» እንባላለን። ድምፃችን ቀጭን ነው፤ በውሃ ውስጥ እንደ ድንጋይ እንሰጥማለን፤ የምንበላውንም ነገር በሚያሳዝን ሁኔታ በጢስ እናበላሸዋለን። ይህ ምዕራፍ ከሁሉ ይልቅ የተሳካልን ነው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ይነበባል።

የቀረን መጨረሻው ነው። ባሕሩ መድረቁ አይቀርም፤ ይህን እኛ አልነደፍነውም። ከፊሎቻችን በጨው ውስጥ አብረው ይለቁ አልን፤ ከፊሎቻችን ደግሞ ወደ ደቡብ በምድር ተጉዘው የአዋሽን ወንዝ ያግኙ አልን። አዋሽ እንደምታውቁት ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። የእኛም የአቃቂ ወንዝ፣ ትልቁና ትንሹ፣ በአባ ሳሙኤል ተገናኝቶ የሚገባው ወደ አዋሽ ነው። እንግዲህ ሽቅብ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚዋኝ ሕዝብ፣ አንድ ቀን ከድልድያችን ሥር መድረሱ ነው።

ድምፅ ስንሰጥ ዘጠኝ ለአምስት ሆኖ ይምጡ ተባለ። ነገር ግን ሲደርሱ ምን እንደሚሉ መጻፍ አቃተን። ሳንባ ስላላቸው አይታፈኑም፤ ስንጥብ ብንተውላቸው ኖሮ ከአባ ሳሙኤል እምቦጭ ሥር አያልፉም ነበር። ዓይናቸው ግን በውሃ ውስጥ የተገለጠ ነው። የፋብሪካው ቀለምና የከተማው ፍሳሽ በሚወርድበት ውሃ ውስጥ ዓይኑን ገልጦ የሚዋኝ ሰው ምን ያያል? ይህን ለማወቅ አራት ሆነን አንድ ቅዳሜ ወደ ወንዙ ወርደን፣ ከውሃው በጠርሙስ ቀድተን፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ፊደል ከጀርባው አድርገን አየን። በጣት ውፍረት ልክ በሆነ ውሃ ፊደሉ ጠፋ። ጠርሙሱ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት በቤተ ሙከራው መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ማየት የሚፈልግ ማየት ይችላል።

ድርሰቱ በአሁኑ ጊዜ የቆመው እዚያው ነው። አንዲት የባሕር ሴት፣ ሁለት ልጆችዋን ይዛ፣ ሌሊት ከአቃቂ ድልድይ ሥር ራስዋን ከውሃው አውጥታ ትተነፍሳለች። ከላይ መኪና ያልፋል። ልጆችዋ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የሚቀጥለውን ምዕራፍ የዘጠነኛ ክፍል አባሎች ተረክበውታል፤ ደብተሩም በእነርሱ እጅ ነው።