ተስማምቶ ስለ መፋታት
(በማኅበራችን የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባልና ሚስት ሲለያዩ ጎረቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ሳይጣሉ ለመለያየት ስለ ተስማሙ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ከዳኛ ፊት ሲቆሙ ምን ምክንያት ያቅርቡ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በስምምነት ብቻ መፋታትን አይቀበልም ነበር። አቤቱታው ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ይቀርባል፤ እነርሱም ምክንያቱ ከባድ መሆን አለመሆኑን ይመረምራሉ። ጥፋተኛ የተባለው ወገን በንብረት ክፍያ ሊቀጣ ይችል ነበር። ስለዚህም በሰላም ለመለያየት የሚፈልጉ እንኳ አንዱ ከሳሽ፣ ሌላው ተከሳሽ ለመሆን ይገፋፉ ነበር።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለት አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ለወጠ። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። መንገዱም ሁለት ነው፤ አንደኛው ስምምነት፣ ሁለተኛው አቤቱታ። በስምምነት የሚፋቱ ምክንያታቸውን እንዲናገሩ አይገደዱም። እንግዲህ ያልተሠራ በደል ፈጥሮ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ልጆች አድገው የሚያነቡት ወረቀት መሆኑን አንርሳ።

ሆኖም በሽማግሌ ፊት ሰማንያ መቅደድ ብቻውን አይበቃም፤ ፍቺውን የሚያጸድቀው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ባልና ሚስቱን አነጋግሮ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ይመክራል፤ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው የስምምነቱ ይዘት ነው። ሚስት ሐሜትን ፈርታ፣ ወይም ነገሩ ቶሎ ይለቅልኝ ብላ፣ ድርሻዋን ትታ «ተስማምቻለሁ» ብትል ይህ ስምምነት ነውን? ሕጉ ፈቃዱ በነጻ የተሰጠ መሆኑን ዳኛው እንዲያረጋግጥ ያዛል። የንብረቱ ወይም የልጆቹ ውል አንዱን ወገን ወይም ልጆቹን የሚጎዳ ሆኖ ሲያገኘው፣ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ውሉን ሊያስተካክል ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ከልብ የተስማሙ የስምምነቱን መንገድ ይምረጡ። ከሁለቱ አንዱ በፍርሃት ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን አቤቱታው ይሻላል፤ በግልጽ መከራከር በዝምታ ከመበደል ይበልጣልና።