በሩቅ አገር ሆኖ የአገርን ጨዋታ ማየት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው ጉዳይ ለሥራ ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው የአገሩን ቡድን በሳተላይት ቴሌቪዥን ሲመለከት የሚያገኘውን ጥቅምና የሚቀርበትን ነገር የሚገልጽ ነው። እኛም ከጥቂት ወራት በኋላ ወደየሥራችን የምንበተን ስለ ሆንን ነገሩ በብርቱ ይመለከተናል። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌያችንን ከካናዳ እንወስዳለን። የካናዳ ሕዝብ እጅግ የሚወደው ጨዋታ የበረዶ ሆኪ ነው። የአገራችንን የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዓይነቱን በቶሎ ይረዳዋል። በገና ጨዋታ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን እየመቱ እንደሚሯሯጡ ሁሉ፥ በሆኪም ተጫዋቾቹ ከጫማቸው ሥር ስለታም ብረት አድርገው በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፥ ከጎማ የተሠራች ጠፍጣፋና ክብ ነገር በዱላ እየመቱ ወደ ግብ ለማስገባት ይታገላሉ። ከያንዳንዱ ወገን የሚሰለፉት ከግብ ጠባቂው ጋር 6 ሲሆኑ፥ ጨዋታው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ የሆነ 3 ክፍል አለው።

ካናዳን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1945 ጀምሮ የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት ያስተዳደሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባላት የሆኑ ካናዳውያን መምህራን ነበሩ። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉስየን ማትም ከእነርሱ አንዱ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ለሥራ ከአገራቸው ሲርቁ ሳተላይት ገና አልነበረም። በሞንትሪያል የሚደረገውን ግጥሚያ በዚያው ሰዓት አዲስ አበባ ተቀምጦ ማየት ለማንም የማይቻል ነገር ነበር።

በካናዳም ውስጥ ቢሆን ነገሩ የተሻሻለው ቀስ በቀስ ነው። ፎስተር ሂዊት የተባለው ሰው በ1923 ሆኪን በራዲዮ ማሰማት ጀመረ። ከ1931 ወዲህ ድምፁ ከቶሮንቶ አዳራሽ እየተነሣ በየገጠሩ ቤት ይገባ ነበር። በ1952 ደግሞ ጨዋታው በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ።

ቴሌቪዥንን ከምድር ዳር እስከ ዳር ያደረሰው ግን ሳተላይት ነው። አርተር ክላርክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1945 እንዳስረዳው፥ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚዞር ሳተላይት ምድር በራሷ ላይ በምትዞርበት ጊዜ ልክ አንድ ዙር ስለሚጨርስ፥ ከታች ለሚመለከተው በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ስለዚህ የመቀበያው ሳሕን አንድ ጊዜ ወደ እርሱ ከተቃና በኋላ መነቃነቅ አያሻውም።

ሴፕቴምበር 28 ቀን 1972 የካናዳና የሶቪየት ኅብረት ቡድኖች ስምንተኛውንና የመጨረሻውን ግጥሚያቸውን በሞስኮ አደረጉ። ጨዋታው ሊያበቃ 34 ሴኮንድ ሲቀረው ፖል ሄንደርሰን ግብ አግብቶ ካናዳ 6 ለ 5 አሸነፈች። በካናዳ ሰዓቱ ቀን ስለ ነበረ፥ በብዙ ትምህርት ቤቶች ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎች በቴሌቪዥን ተመለከቱ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ካናዳ የራስዋን ሳተላይት ወደ ሰማይ አስወነጨፈች። ስሙም አኒክ ተባለ፤ በሰሜኑ በኢኑዊት ሕዝብ ቋንቋ ወንድም ማለት ነው።

ዛሬ ከሞንትሪያል ተነሥቶ በአልበርታ የነዳጅ ሥራ የሚሠራ ሰው በሠራተኞች ሰፈር ተቀምጦ ቡድኑን ለማየት ይችላል። በሞንትሪያል ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን በአልበርታ ገና 11 ሰዓት ነው። የሆነ ሆኖ ግቧ ስትገባ እርሱ ከአልጋው ጫፍ ላይ ሲዘል፥ አባቱም እዚያ በቤቱ ከወንበሩ ይነሣል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት በአንድ ነገር ተደስተዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእኛም ወገኖች ይህን ያውቁታል። በ1962 ቡድናችን በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፥ በውጭ አገር የነበረ ኢትዮጵያዊ ጨዋታውን በዚያው ሰዓት ለማየት አልቻለም። ጃንዋሪ 21 ቀን 2013 ግን፥ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ፥ በ10 ሰው እየተጫወተ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲለያይ፥ በዐረብ አገሮች የሚሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሳተላይት ለማየት ቻሉ።

ነገር ግን፥ ክቡራንና ክቡራት፥ አንድ ነገር እንድታስተውሉልን እንለምናለን። በሠራተኛው ጣራ ላይ ያለው ሳሕን ይቀበላል እንጂ አይልክም። ልጅ የአገሩን ሜዳ፥ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ፥ የአገሩን ሕዝብ ያያል፤ እናቱ ግን እርሱን አታየውም። ከሥራው ደክሞ ይግባ፥ ይታመም፥ ደመወዙ ይከልከል፥ ከሳሕኑ የምታገኘው ወሬ የለም። እርሱም አገሩን ጠግቦ ያየ ስለሚመስለው ሳይደውል ይተኛል። ስለዚህ ሳተላይቱ ወንድም ቢባልም የወንድምን ሥራ ሁሉ አይሠራልንም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ነገ ሩቅ አገር ሆነን የአገራችንን ጨዋታ ስንመለከት ደስ ይበለን። የመጨረሻው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ግን ወደ ቤታችን ስልክ እንደውል። ስለ ግቧ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችንም እውነቱን እንንገር።

እናንተም ወላጆቻችን፥ በደወልን ጊዜ የጨዋታውን ነገር በደስታ አውሩን፤ የምንልከውንም ገንዘብ ተቀበሉን። ከዚያ በኋላ ግን፥ «ልጄ፥ ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብላችሁ ጠይቁን። መልሱንም እስክንጨርስ ታገሡን።