ከፍ ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ፍጆታ እንዴት ይለካል?



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ስሕተታችን ነው። በተከራየንበት ግቢ ያለው የመብራት ቆጣሪ አንድ ብቻ ስለሆነ፥ የወሩ ሒሳብ በመጣ ቁጥር በተከራዮች መካከል ክርክር ይነሣል። ባለፈው ጊዜ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ፍረዱን» ቢሉን፥ ሽቦውን አቅፎ የሚለካውን የአምፔር መለኪያ ይዘን በየመስመሩ ዞርን። ጎረቤታችን እንጀራ እየጋገሩ ስለነበረ በመስመራቸው ላይ 16 አምፔር አየን፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው። በእኛ መስመር ላይ ግን አንድ አምፔር እንኳ አልሞላም። ስለዚህ የሒሳቡን እኩሌታ እሳቸው እንዲከፍሉ ፈረድን፤ ከፈሉም።

ፍርዱ ግን ልክ አልነበረም። ኪሎ ዋት የሚነግረን በዚያች ቅጽበት የሚሄደውን ኃይል ብቻ ነው፤ የምንከፍለው ግን ኃይሉ ከሠራበት ጊዜ ጋር ተባዝቶና ተደምሮ በኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ምጣዱ የሚሠራው በሳምንት ሁለት ቀን ሲጋገር ብቻ ነው። የእኛ የውሃ ማሞቂያ ግን ቀንና ሌሊት በራሱ ጊዜ ይበራል፥ ይጠፋል፤ በለካንበት ሰዓት ውሃው ሞቆ ስለነበረ ጠፍቶ ነበር።

እንዲህ ያለውን ፍጆታ ለማወቅ እየደመረ የሚሄድ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሃንጋሪያዊው ኦቶ ብላቲ በ1889 (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው ቆጣሪ ይህንኑ ያደርጋል፤ ዲስኩ ኃይሉ ሲበዛ ይፈጥናል፥ ሲያንስ ይዘገያል፤ የዞረበት ብዛት ጠቅላላውን ፍጆታ ይነግራል። የዛሬው ዲጂታል ቆጣሪም ቮልቱንና አምፔሩን በየቅጽበቱ እያባዛ ይደምራል።

ስለዚህ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ በሁለቱ መስመሮች ላይ ትንንሽ ቆጣሪዎች አስገጠምን። የመጋገሪያውም የመታጠቢያውም ቀን እንዳይቀር አንድ ሳምንት ሙሉ ጠበቅን። የእሳቸው 13፥ የእኛ 29 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆኖ ተገኘ።

ገንዘባቸውን መልሰን «እትዬ፥ ይቅር ይበሉን» ብንላቸው፥ «ልጆቼ፥ እኔስ ምጣዴን አጥፍቼ ነው የምነሣው፤ የእናንተን ማን ያጠፋዋል?» አሉን።

ጓደኞቻችን፤ መለኪያ የያዘ ሰው ቃሉ ይታመናል፤ ሰውም በቃሉ ይከፍላል። እንግዲህ ከመፍረዳችን በፊት ቆጣሪው ደምሮ እስኪጨርስ እንታገሥ።