የኋላ ሞላና የካቴና ልክ

አቅራቢ፦ የሞተር ሳይክል የኋላ ጎማ ከአካሉ ጋር የሚገናኘው በሞላና በሾክ አብዞርበር አማካይነት ሲሆን፣ ሞላው ክብደቱን ሲሸከም ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ በማስገደድ የሞላውን መንጠር ያረግባል። የሞላው ማስተካከያ ሲጠብቅ ሞላው ራሱ ይጠነክራል የሚለው እምነት በባለንብረቶች ዘንድ የተስፋፋ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ማስተካከያው የሚለውጠው የመነሻ ጭነቱን፣ ማለትም ነጂው ሲቀመጥ ሞተር ሳይክሉ ዝቅ የሚልበትን መጠን ነው። ይህም የሚታወቀው የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ከመሃል ዘንጉ በላይ እስካለ ምልክት ድረስ ያለው ርቀት ከተለካ በኋላ፣ ነጂው ከተለመደ ጭነቱ ጋር ተቀምጦ እንደገና ሲለካ ሲሆን፣ በአስፋልት በሚነዱ ብዙ ሞተር ሳይክሎች ልዩነቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ሰው አፈናጥጦ ወይም ጆንያ ጭኖ በሚውል ሞተር ላይ ይህን ልኬት ችላ ማለት አደገኛ ነው፤ ኋላው ከመጠን በላይ ሲወርድ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪው ይዘገያል፣ መብራቱም ከፊት የሚመጣውን ነጂ ዓይን ይወጋል።

ካቴናው የሚታየው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጎማው ሲወጣና ሲወርድ በፊትና በኋላ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ስለሚለዋወጥ፣ ያለ ልክ ተወጥሮ የታሰረ ካቴና ጭነት ሲበዛበት የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎዳል፤ ስለሆነም ከታች መሃሉ ላይ በጣት ሲገፋ የአምራቹ መመሪያ የሚያዝዘውን ያህል፣ በብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር፣ መላላት ይኖርበታል። የፍሪሲዮን እጀታም እንዲሁ ጫፉ ላይ ጥቂት ልቅነት ካልተተወለት፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም እየተንሸራተተ ሸራው ይቃጠላል።