በሌላ ሰው እጅ ስለተዛወረ ሞተር ብስክሌትና ስለ ቅጣቱ ክርክር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል እንድናገር ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። የመረጥኩት ርእስ አነስ ያለ ነው። ይኸውም አንድ ሞተር ብስክሌት ያለባለቤቱ ፈቃድ ከቆመበት ተነሥቶ በተከለከለ ስፍራ ቢገኝና ቅጣት ቢጣልበት፣ ባለቤቱ ምን ማድረግ ይገባዋል የሚል ነው። በለንደን ከምንኖረው አባላት መካከል በሞተር ብስክሌት ወደ ሥራ የምንመላለስ ጥቂቶች ስላልሆንን፣ ጉዳዩ ነገ የማናችንንም በር ሊያንኳኳ ይችላል።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ከራሴ ታሪክ ልነሣ። አንድ ቀን ማለዳ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ደርሼ፣ ለሞተር ብስክሌቶች በተከለለው ስፍራ ጠርዝ ላይ ሞተሬን አቆምኩ። መሪውን ቆለፍኩ፤ እንደ ልማዴም በመካከለኛው ማቆሚያ እግር ላይ አሳረፍኩት። ማታ ስመለስ ግን ሞተሩ ከነጩ መሥመር ወዲያ፣ ለነዋሪዎች መኪና በተከለለው ቦታ ውስጥ ቆሞ፣ የቅጣት ማስታወቂያ ተለጥፎበት አገኘሁት። በነበርኩበት ቦታ የማላውቀው ሌላ ሞተር ቆሟል።

በዚያው ሌሊት ቁጣ የተሞላ ደብዳቤ ጽፌ ለወረዳው ምክር ቤት ላክሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ መልሱ አጭር ነበር፦ ሞተሩ በተከለከለው ስፍራ መቆሙን ተቆጣጣሪው በፎቶግራፍ አረጋግጧል፤ ስለዚህ አቤቱታው ተቀባይነት የለውም። በእርግጥም የኔ ደብዳቤ ስለ ንዴቴ እንጂ ስለ ማስረጃ የሚናገረው ነገር አልነበረውም።

በእንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነቱ ቅጣት የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የትራፊክ አስተዳደር ሕግና በ2022 በወጡት ደንቦች ነው። ጉዳዩ የወንጀል ሳይሆን የፍትሐ ብሔር ነው። ከዚህም የተነሣ ክርክሩ የሚወሰነው የማን ቃል ይበልጥ ሊሆን የሚችል ነው በሚለው ሚዛን ነው። ተጠያቂው በመሠረቱ የተሽከርካሪው ባለቤት ነው፤ ሆኖም ደንቦቹ ባለቤቱን ነጻ ከሚያወጡት ምክንያቶች አንዱን በግልጽ አስፍረዋል። ይኸውም ተሽከርካሪውን በዚያ ስፍራ ያቆየው ያለባለቤቱ ፈቃድ በእጁ ያደረገው ሰው ከሆነ ነው። ይህ ምክንያት ለተሰረቀ መኪና ብቻ የተጻፈ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ሞተሬን ያለፈቃዴ አንሥቶ ሌላ ቦታ ላስቀመጠውም ሰው ይሠራል ብዬ ተከራከርኩ።

የአቤቱታው ደረጃዎች እንደሚከተለው ናቸው። በ14 ቀን ውስጥ የከፈለ ሰው ግማሹን ብቻ ይከፍላል። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያ ተቃውሞውን ጽፎ ላልተሳካለት ሰው ብዙዎቹ ምክር ቤቶች የግማሽ ክፍያውን ዕድል እንደገና ይሰጡታል። ክፍያ ካልተፈጸመ ለባለንብረቱ ማስታወቂያ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ መደበኛ አቤቱታ ለማቅረብ 28 ቀን አለ። ምክር ቤቱም በ56 ቀን ውስጥ ካልመለሰ አቤቱታው እንደ ተቀበለ ይቆጠራል። ውድቅ ካደረገው ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ ለገለልተኛ ዳኛ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ በለንደን ይህን የሚያስተናግደው ለንደን ትራይቡናልስ ሲሆን ይግባኙ በነጻ ነው። ዝም ማለት ግን አደገኛ ነው፤ ቅጣቱ በግማሽ ያድግና እስከ ዕዳ አስፈጻሚዎች ይደርሳል።

የግማሽ ክፍያው ፈተና እዚህ ላይ ነው። «ከፍዬ ልገላገል» ማለት ለሠራተኛ ሰው ይቀላል። እኔም ልከፍል ተቃርቤ ነበር። ያቆመኝ ገንዘቡ አልነበረም፤ ያላደረግሁትን አድርጌአለሁ ብሎ መፈረሙ ነበር።

ስለዚህ ፎቶግራፎቹን እንደ መሐንዲስ መመርመር ጀመርኩ። ሞተሬ ማርሹ ራሱን የሚቀያይር ስለሆነ፣ ጠፍቶም ቢሆን የኋላ ጎማው በነጻ ይሽከረከራል። መሪው ወደ ግራ ሲቆለፍ ግን ወደፊት ሲገፋ ክብ ይዞራል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ወደ ጎን ለማዛወር ጅራቱን አንሥቶ መጎተት ግድ ነው። በተቆጣጣሪው ፎቶግራፍ ላይ ሞተሩ በጎን እግሩ ዘንበል ብሎ ይታያል፤ መሪው ግን እንደ ተቆለፈ ነበር። ባልደረባዬም ጠዋት በመካከለኛው እግር ላይ ሳቆመው ማየቱን በጽሑፍ መሰከረልኝ። ምክር ቤቱ ይህንንም አልተቀበለም። ዳኛው ግን ማስረጃዎቹን አንድ ላይ መዝነው ይግባኙን ፈቀዱልኝ።

ከዚህ የምንማረው፣ አንደኛ፣ ሞተራችሁን ስታቆሙ መሥመሩንና ሁለቱን ጎረቤቶች ጨምራችሁ ፎቶግራፍ አንሡ። ሁለተኛ፣ ስፍራው ማሰሪያ ብረት ካለው በሰንሰለት እሰሩ። ሦስተኛ፣ የምክር ቤቱን ፎቶግራፎች ሳትመለከቱ አትጻፉ። አራተኛ፣ ማስታወቂያው ከምክር ቤት ይሁን ከግል ኩባንያ ለዩ፤ በግል መሬት ላይ የሚጠየቀው ክፍያ በውል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነው።

አንድ ኑዛዜ ጨምሬ ልፈጽም። ይግባኙን በምጽፍበት ሰሞን፣ ለራሴ ቦታ ለማግኘት የሌላ ሰው ሞተር በእጄ ገፍቼ የማውቅ መሆኔ ትዝ አለኝ። ጥቂት ስንዝር ብቻ ነበር፤ መሥመሩን ማለፉን ግን ዞሬ አላየሁም። ያ ሰው ያን ዕለት ተቀጥቶ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቦታ ከሌለ ሌላ መንገድ እሄዳለሁ። በሕግ ፊት እውነታችንን ለማስረዳት የምንተጋውን ያህል፣ የማናውቀውን ሰው ንብረት ለማክበርም እንትጋ።