ከባሕር ማዶ የሚመጣ የተርጓሚ ዋጋ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የትርጉም ሥራ ድንበር መሻገሩ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ተርጓሚው ከቤቱ ሳይወጣ ለባሕር ማዶ አሠሪ መሥራቱ ነው። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማይቱ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን እንግሊዝኛ ለማይችለው ነዋሪ በቋንቋው ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛም ከነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች፣ በእስራኤልና በአውሮፓም የሆስፒታል ቅጽ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ በአማርኛ ይዘጋጃል። ከዚህ ሁሉ ወረቀት በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር በሚኖር ተርጓሚ ጠረጴዛ ላይ የሚያልፍ አለ።

ጽሑፉ በደቂቃ ይመጣል፤ ትርጉሙም በደቂቃ ይሄዳል። ዋጋው ግን አንዳንዴ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ተቀናንሶ ይደርሳል፤ ጭራሹን መንገድ ላይ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ተርጓሚው ባንክ ቤት ሄዶ ይነታረካል። ይሁንና የተቸገረበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከወር በፊት፣ ሥራውን «እሺ» ብሎ በተቀበለባት ዕለት የተበላሸ ነው። አበው መጥኖ ስለ መደቆስ የተናገሩትን የሚያስታውስ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም።

ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በተለምዶ «ዶላር ተላከልኝ» ይባላል እንጂ ዶላሩ ወደ አዲስ አበባ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1973 በቤልጅግ የተቋቋመው ስዊፍት የሚያመላልሰው ገንዘብ ሳይሆን መልእክት ነው። የኢትዮጵያ ባንክ በኒውዮርክ ወይም በሌላ ከተማ ካለ ወኪል ባንክ ዘንድ የዶላር ሒሳብ አለው። የደንበኛው ባንክ ገንዘቡን ለዚያ ወኪል ይሰጣል፤ ወኪሉም በኢትዮጵያው ባንክ ሒሳብ ላይ ይመዘግብና በመልእክት ያስታውቃል፤ የኢትዮጵያው ባንክ ደግሞ በተርጓሚው ሒሳብ ላይ ያውላል። በመካከል ሌላ ባንክ የገባ እንደ ሆነ እርሱም የድካሙን ይቀንሳል። አንድ የአሜሪካ ባንክ ወደ ውጭ አገር ገንዘብ ለማስተላለፍ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 50 ዶላር ያስከፍላል። ይህ ለ2,000 ዶላር ሥራ የሚቻል ነው። ለ60 ዶላር ሥራ ግን ሌሊት ዓይንን ሲያደክሙ አድሮ ለባንኮች መሥራት ነው።

ስለዚህ ወጪው የማን እንደሆነ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ባንኮች ለዚህ ሦስት የታወቁ መንገዶች አሏቸው፤ ወጪውን ላኪው ሁሉንም ይችላል፣ ሁለቱ ይካፈሉታል፣ ወይም ተቀባዩ ይሸከመዋል። ተርጓሚው ዝም ካለ ደንበኛው ለራሱ የሚመቸውን ይመርጣል፤ ይህም ሰው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ አይፈረድበትም። ጥቃቅን ሥራዎችንም አጠራቅሞ በአንድ መጠየቂያ መጠየቅ ይቻላል። ገንዘቡ «ተልኳል» ተብሎ ያልደረሰ እንደ ሆነ ከደንበኛው የማስተላለፊያውን መልእክት ቅጂና የመከታተያ ቁጥሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ያ ቁጥር ከተያዘ ባንኩ ገንዘቡ የት እንደቆመ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያለ ቁጥሩ የሚደረገው ምልልስ ግን እጅ እጅ ከማለት በቀር ፍሬ የለውም።

ከሁሉ ይልቅ ተርጓሚውን የሚያጠምደው ግን የገዛ ስሙ ነው። ኢትዮጵያዊው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም አለው። የውጭ አገር ቅጽ «የመጨረሻ ስም» ብሎ ሲጠይቅ አንዱ የአባቱን ይሞላል፤ ሌላው የአያቱን። የባንክ ደብተሩ ሦስቱን ስም ይይዛል፤ ከደንበኛው ጋር የተፈራረመው ውል ሁለቱን ብቻ። በዚህ ላይ የላቲኑ ፊደል ይጨመራል። «ቀ»ን አንዱ በ«ኬ»፣ ሌላው በ«ኪው» ይጽፋል፤ ፀሐይ የተባለች ሴት ስሟ በፓስፖርቷ አንድ ዓይነት፣ በባንክ ደብተሯ ሌላ ዓይነት፣ በኢሜይሏ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የሌላውን ሰው ስም ሲያሰፍር ፊደል በፊደል የሚጠነቀቅ ባለሙያ የራሱን ስም በሦስት መልክ ጽፎ መገኘቱ ትንሽ አያስቅም ማለት አይቻልም። ባንኩ ግን አይስቅም። የገንዘብ ዝውውርን የሚቆጣጠሩ ሕጎች የተቀባዩን ማንነት እንዲያጣራ ያስገድዱታል፤ ስሙ ካልገጠመ ገንዘቡን ያግደዋል ወይም ወደ ላኪው ይመልሰዋል፤ የመመለሻውም ወጪ ከዚያው ገንዘብ ላይ ይነሣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አንድ አጻጻፍ መርጦ፣ ያም የፓስፖርቱ ቢሆን ይመረጣል፣ ባንኩም ውሉም መጠየቂያውም በዚያው እንዲጻፍ ማድረግ።

የክፍያው ምክንያትም እንደ ስሙ ሊታሰብበት ይገባል። ደንበኛው በማስተላለፊያው ላይ «ስጦታ» ወይም «ዕርዳታ» ብሎ ከጻፈ የሙያ ዋጋ የነበረው ገንዘብ በወረቀት ላይ የዘመድ ችሮታ ሆኖ ይቀራል። «ለትርጉም ሥራ» ተብሎ የመጠየቂያው ቁጥር ቢጠቀስ ግን ወረቀቱ ለባለቤቱ ይመሰክራል።

በኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ አሠራር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ትልቅ ለውጥ አድርጓል። ዐርብ ሐምሌ 19 አንድ ዶላር በባንክ በ57 ብር ግድም ይመነዘር ነበር፤ ሰኞ ሐምሌ 22 ወደ 74 ብር ተጠጋ፤ ከዚያም ወዲህ እየጨመረ ሄደ። የ1,000 ዶላር ሥራ አጠናቅቆ ክፍያውን ይጠባበቅ የነበረ ተርጓሚ ውሉ በዶላር ከሆነ በሦስት ቀን ውስጥ 17,000 ብር ያህል ተጨመረለት። ዋጋውን በብር ቆርጦ የተዋዋለው ባልንጀራው ግን ያንኑ ያህል ቀረበት፤ ትርፉም ለደንበኛው ሆነ። የሁለቱ ልዩነት በውሉ ላይ የሰፈረች አንዲት ቃል ነበረች። በዚያው ጊዜ ብሔራዊ ባንክ ያወጣው መመሪያ በአገር ውስጥ የሚኖር ሰው ከውጭ በሚተላለፍለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቅዷል። መመሪያው ከወጣ ወዲህ ማሻሻያዎች ስለተከተሉት ሒሳቡን ለመክፈት የሚፈለገውን ማስረጃ ከየባንኩ የውጭ ምንዛሪ ክፍል መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ሒሳብ ለሙያው መሣሪያ የሚሆኑትን የመዝገበ ቃላትና የኮምፒዩተር አገልግሎቶች በዶላር መክፈል ለሚኖርበት ተርጓሚ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ጉዳይ በጉባኤ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ በቡና ሰዓት ግን የማይቀር ነው። ከ2016ቱ ለውጥ በፊት በነበረው ጊዜ በባንክና ከባንክ ውጭ ባለው ምንዛሪ መካከል የነበረው ልዩነት ወደ እጥፍ ደርሶ ነበር። በባንክ የተቀበለ ሰው የድካሙን ዋጋ ግማሽ ያህል እንዳጣ ይቆጥረው ነበር፤ ስለሆነም ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ሌላ መንገድ አዞሩ። ይህን በስግብግብነት ብቻ መተርጎም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም መንገዱ ያስከተለውን ጣጣ አለመናገርም እንዲሁ።

ሁኔታውን በምሳሌ ለማየት፣ አንዲት የአዲስ አበባ ተርጓሚ ዋጋዋ ሜሪላንድ ለሚኖር የአጎቷ ልጅ እንዲከፈል አደረገች እንበል። የአጎቷ ልጅ ዶላሩን ተቀበለ፤ አንድ ሐዋላ የሚሠራ ሰው በአዲስ አበባ ብሩን በማታውቀው ሰው ሒሳብ በኩል አስገባላት። በዓመቱ መጨረሻ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ገንዘቡን የአጎቷ ልጅ ገቢ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የተከፈለው በእርሱ ስም ነውና። እርሱም ያልሠራበትን ግብር ይከፍላል፣ ወይም ይቀንስባታል፣ ወይም ይቀየማታል። ዘመድ በመሆኑ ደረሰኝ አልተጠየቀም፤ ስለዚህ ማን ምን ያህል እንደወሰደ የሚያስረዳ ወረቀት የለም። ተርጓሚዋም በበኩሏ ብድር ወይም ቪዛ ስትጠይቅ ገቢዋን እንድታሳይ ትጠየቃለች፤ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራች ባለሙያ በመዝገብ ላይ ሥራ ፈት ሆና ትገኛለች። ከዚህም በላይ የውጭ ምንዛሪ መነገድ የተፈቀደው ለባንኮችና ፈቃድ ለተሰጣቸው የምንዛሪ ቤቶች ብቻ ስለሆነ ነገሩ በሕግ ያስጠይቃል። ደንበኛው አልከፍልም ቢልስ? ውሉ በእርሷ ስም፣ ክፍያው በሌላ ሰው ስም የሆነ ሠራተኛ የሚያቀርበው አቤቱታ ክብደት አይኖረውም።

ፔይፓልን በሚመለከት፣ ድርጅቱ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የተመዘገበ ሒሳብ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል እንዲያገለግል ሳይፈቅድ ቆይቷል። በዚህ ምክንያት በሌላ አገር አድራሻ ሒሳብ የሚከፍቱ አሉ። እንዲህ ያለው ሒሳብ ሲነቃበት ይታገዳል፤ ገንዘቡም እስከ 180 ቀን ሊያዝ ይችላል።

የአሜሪካ ደንበኛ «ደብልዩ-ኤይት ቤን» የተባለውን ቅጽ ሲልክ የሚደነግጡ ተርጓሚዎች አሉ። ቅጹ ግብር ለመጣል የመጣ አይደለም። ፈራሚው አሜሪካዊ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ነው፤ ሥራው ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ ከሆነ ዋጋው ከአሜሪካ የመነጨ ገቢ ስለማይባል ደንበኛው ግብር ቀንሶ የሚያስቀርበት ምክንያት የለም። ቅጹ ከተፈረመበት ቀጥሎ እስከሚመጣው ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ድረስ ያገለግላል። በአገር ቤት ግን ግብሩ አይቀርም፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኢትዮጵያ ነዋሪን ገቢው ከየትም ይምጣ ግብር ያስከፍለዋል። በባንክ የመጣ ገንዘብ የሚታይ በመሆኑ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጥቶ፣ ወጪንም በደረሰኝ ይዞ መገኘት ያስፈልጋል።

አንድ ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን ወራትን የሚበላ ጉዳይ ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ነው። መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. መጠየቂያውን ያዘጋጀ ተርጓሚ «12/01/2017» ብሎ ቢልከው የአሜሪካው ሒሳብ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። የሰባት ዓመት አሮጌ ዕዳ የመጣበት መስሎት ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል። «በ30 ቀን ውስጥ ይከፈል» የሚለው ሐረግም ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ሳይታወቅ ይቀራል። ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በደንበኛው አቆጣጠር መጻፍ ምንም አያስወጣም።

ማኅበሩ ሊሠራው የሚችለው አንድ ሥራ በዚህ ረገድ አለ፤ ይኸውም በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ፣ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ የውል ናሙና ነው። የክፍያው ገንዘብ ዓይነት፣ የመክፈያው ቀንና ከየትኛው ዕለት እንደሚቆጠር፣ የባንክ ወጪው በማን ላይ እንደሚውል፣ ክፍያ ቢዘገይ ተርጓሚው ቀሪውን ሥራ የመያዝ መብት እንዳለው፣ የባንኩም የስዊፍት መለያ በናሙናው ላይ በየቦታቸው ይሰፍራሉ። ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ የተርጓሚው ሙሉ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈ የሚሞላበት ክፍት ቦታ ይኖራል።